«ተገኘ» የተባለው እንዴት ተገኘ?

በድሮ ዘመን ሌባ ሻይ የሚባል የወንጀል ምርመራ ዘዴ ነበር። ንብረት የተሰረቀበት ሰው አቤት ሲል ሌባ ሻዩ ይመጣና ለአንድ ልጅ አእምሮን የሚያደነዝዝ መድኃኒት ያጠጣዋል። ልጁ ወገቡን ታስሮ፣ የገመዱን ጫፍ ባለሙያው ይዞት፣ እየተንገዳገደ መንደሩን ያስሳል። በመጨረሻ ከአንዱ ቤት ዘው ብሎ ይገባና ይወድቃል። የቤቱ ባለቤት ሌባ ተብሎ የጠፋውን እንዲከፍል ይገደዳል። ልጁ የጎረቤቱን ደጃፍ አልፎ ወደዚያ ቤት ለምን እንደገባ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ቢጠየቅም የሚመልስ አልነበረም።

ሌባ ሻይ ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ዛሬ ሲነገር ተረት ይመስላል። ይሁን እንጂ ከበስተጀርባው የነበረው አስተሳሰብ አብሮት አልተቀበረም። በአደንዛዥ ዕፅ የተከሰሰ ሰው ወይም ጠበቃው በችሎት ተነሥቶ «ቤቱ የተበረበረበት ትዕዛዝ ሕጋዊ አይደለም» ሲል የሚሰነዘርበት መልስ የታወቀ ነው፤ «ዕፁ ተገኝቶ የለም ወይ? ታዲያ ስለ ወረቀት ምን ያከራክራል?» ይባላል። ክርክሩም የጠበቃ ብልጠት፣ የወንጀለኛ ማምለጫ ቀዳዳ ተደርጎ ይቆጠራል።

ይህ አመለካከት ከሥሩ የተሳሳተ ነው። በነፍስ ግድያ ክስ አስከሬን አለ፤ በስርቆት ክስ የተሰረቀበት ሰው ቀርቦ ይመሰክራል። አደንዛዥ ዕፅ ይዞ በመገኘት ክስ ግን ከጥቅሉ በቀር አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነገር የለም። የግል ተበዳይ የለም፤ የጠፋ ንብረት የለም። ነገሩ ሁሉ የቆመው «ይህ ዕቃ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ቤት፣ በዚህ ሰው እጅ ነበር» በሚል ቃል ላይ ነው። ቃሉን የሚሰጠውም ራሱ ቤቱን የበረበረው ፖሊስ ነው። ስለዚህ በዚህ ዓይነት ክስ የብርበራው ሥርዓት ከማስረጃው ተለይቶ የሚታይ ጌጥ አይደለም። ሥርዓቱ ከተጣሰ ጥቅሉ ከየት እንደመጣ የሚናገር አንደበት አይኖረውም።

ሕጉ ለምን እንዲህ አለ?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 ማንኛውም ሰው መኖሪያ ቤቱ፣ ሰውነቱና ንብረቱ እንዳይመረመር፣ በይዞታው ያለው ንብረትም እንዳይያዝበት መብት ሰጥቶታል። ይህ መብት ሊገደብ የሚችለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና ወንጀልን መከላከልን፣ ጤናን መጠበቅን በመሳሰሉ ዓላማዎች በወጡ ዝርዝር ሕጎች ብቻ ነው። ለብርበራ ዝርዝሩን የያዘው ሕግ ከሕገ መንግሥቱ በዕድሜ የሚበልጠው፣ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው።

የዚህ ሕግ አንቀጽ 32 እና 33 ረጅም አይደሉም፤ አንድ ገጽ እንኳ አይሞሉም። ግን እያንዳንዱ ሐረግ ሥራ አለው። በመጀመሪያ፣ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በቀር ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ቤት አይበረበርም። ፍርድ ቤቱም ትዕዛዙን የሚሰጠው ለፍትሕ ሥራ እንደሚጠቅም ሲያምንበት ነው። እዚህ ላይ «ሲያምንበት» የሚለው ቃል ቀልድ አይደለም። ዳኛው ጠይቆ፣ መርምሮ፣ መዝኖ ይፈርማል ማለት ነው እንጂ የቀረበለትን ቅጽ ሁሉ ማኅተም እያደረገ ይመልሳል ማለት አይደለም። በጠርጣሪውና በተጠርጣሪው መካከል ሦስተኛ ሰው እንዲቆም የተፈለገው፣ የሚያሳድድ ሰው በራሱ ጉዳይ ጥሩ ዳኛ ሊሆን ስለማይችል ነው።

ሁለተኛ፣ ትዕዛዙ የሚፈለገውንና የሚያዘውን ዕቃ ለይቶ መግለጽ አለበት፤ ፖሊሱም ከተገለጸው ውጭ ሌላ ዕቃ መያዝ አይችልም። ሦስተኛ፣ ፍርድ ቤቱ በግልጽ ሌላ ካላዘዘ በቀር ብርበራ የሚካሄደው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ ነው፤ በብርሃን፣ ጎረቤት በሚያይበት ሰዓት ማለት ነው። አራተኛ፣ የተያዘው ዕቃ ዝርዝር ይጻፋል፤ በተቻለ መጠንም ገለልተኛ የሆነ ሰው ዝርዝሩን አመሳክሮ ይፈርምበታል።

እነዚህን አራት ነገሮች አንድ ላይ ያስተዋለ ሰው የሕግ አውጪውን ሥጋት ይረዳዋል። ሥጋቱ ሁለት ነው፤ ንጹሕ ሰው በከንቱ እንዳይደፈር፣ የሌለ ዕቃም «ተገኘ» እንዳይባል። አደንዛዥ ዕፅ ደግሞ በኪስ የሚያዝ፣ በመዳፍ የሚደበቅ፣ ከፍራሽ ሥር ለማስገባት አፍታ የማይወስድ ነገር ነው። ዕቃው ትንሽ ሲሆን የሥርዓቱ ጥንቃቄ ሊበዛ ይገባዋል እንጂ ሊቀንስ አይገባውም።

አንድ ግቢ፣ አምስት በር

አንድ ምሳሌ ይወሰድ። በአዲስ አበባ አንድ የቤት ቁጥር ያለው ግቢ አለ እንበል። በዋናው ቤት ባለቤቲቱ ይኖራሉ፤ ከጓሮ በተሠሩት ሰርቪስ ክፍሎች አራት ተከራዮች አሉ። ማድ ቤቱና መጸዳጃው የጋራ ነው። የብርበራ ትዕዛዙ የቤቱን ቁጥርና «አደንዛዥ ዕፅ» የሚል ቃል ብቻ ይዟል። ፖሊሶች ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ይደርሳሉ፤ አምስቱንም በር ያስከፍታሉ። ከማድ ቤቱ መደርደሪያ ላይ በላስቲክ የተጠቀለለ ካናቢስ ያነሣሉ። የዕቃው ዝርዝር የሚጻፈው ጣቢያ ከተደረሰ በኋላ ነው፤ በታዛቢነት የሚፈርመውም ለራሱ ጉዳይ ወደ ጣቢያው የመጣ መንገደኛ ነው። ከተከራዮቹ መካከል ቀድሞ ታስሮ የሚያውቅ አንድ ወጣት አለ፤ እሱ ይከሰሳል።

በዚህ ታሪክ ዕፁ መገኘቱ እርግጥ ይሁን። ግን የማን ነው? ትዕዛዙ የትኛው ክፍል፣ የማን ክፍል እንደሚበረበር አልለየም፤ ስለዚህ ፍርድ ቤቱ አስቀድሞ ማንን እንደተጠራጠረ፣ ለምን እንደተጠራጠረ የሚታወቅበት መንገድ የለም። ሰዓቱ ጨለማ ስለነበረ ማን ከየት ገብቶ ከየት እንደወጣ ያየ ሰው የለም። ዝርዝሩ በቦታው ስላልተጻፈ ከማድ ቤት የተነሣው ጥቅልና በችሎት የቀረበው ጥቅል አንድ ስለመሆናቸው ከፖሊሱ ቃል በቀር ዋስ የለም። ታዛቢው የፈረመው ባላየው ነገር ነው። እያንዳንዱ የሥርዓት ጉድለት አንድ ጥያቄን መልስ አልባ ያደርገዋል፤ ጉድለቶቹ ሲደመሩ ክሱ ራሱ መልስ አልባ ይሆናል።

በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 መሠረት ዕፅ ማምረትንና ማዘዋወርን የመሰለ ወንጀል ከአምስት ዓመት በማያንስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ያን ወጣት ለዚህን ያህል ዘመን ወደ ወኅኒ የሚወስደው በእርግጥ ማስረጃ ነውን? ወይስ ልጁ የወደቀበት ቤት ነው?

ከቲካ መንገድ የተወረሰ ፍርድ

«ማስረጃ ከተገኘ አገኛኘቱ አይጠየቅም» የሚለው መርሕ በምሥራቅ አፍሪካ የራሱ የትውልድ ታሪክ አለው። ታሪኩም የሚያኮራ አይደለም። በኬንያ የማው ማው ትግል በተፋፋመበት፣ የእንግሊዝ ቅኝ አስተዳደር የአስቸኳይ ጊዜ ደንብ ባወጣበት ዘመን፣ ኩሩማ የካኒዩ ልጅ የተባለ ሰው በብስክሌት ሲሄድ በመንገድ ኬላ ላይ ተያዘ። ሁለት ጥይትና አንድ ሰንጢ ተገኘበት ተባለ። ደንቡ እንዲህ ያለውን ፍተሻ የሚፈቅደው ረዳት ኢንስፔክተርና ከዚያ በላይ ማዕረግ ላለው ፖሊስ ነበር፤ የፈተሹት ግን ከዚያ ማዕረግ በታች ነበሩ። ኩሩማ ጥይት አልያዝኩም ብሎ ተከራከረ። ሰንጢው በማስረጃነት ሳይቀርብ ቀረ። በቲካ የተሰየመው ፍርድ ቤት ግን ሞት ፈረደበት።

ጉዳዩ በዚያ ጊዜ የኬንያ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ ወደነበረው ለንደን ወዳለው ፕሪቪ ካውንስል ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1955 በሕግ መዝገብ ታትሞ የወጣው ውሳኔ፣ ማስረጃ ለነገሩ አግባብነት ካለው ተቀባይነት አለው፣ እንዴት እንደተገኘ ፍርድ ቤቱን አያሳስበውም የሚል ነበር። ዳኛው ማስረጃው በተከሳሹ ላይ ፍትሕ የሚያጓድል ሆኖ ካገኘው ሊያስቀረው ይችላል የሚል ማለዘቢያ ቢታከልበትም ለኩሩማ አልጠቀመውም። ይህ ፍርድ ከዚያ በኋላ በእንግሊዝ ሕግ ጥላ ሥር በኖሩ አገሮች ለብዙ ዓመታት እየተጠቀሰ ኖሯል።

እንግዲህ «እንዴት ተገኘ ብለህ አትጠይቅ» የሚለውን መርሕ ማን ለማን እንደደነገገው ማስተዋል ያስፈልጋል። መርሑ የተነገረው ባዕድ ገዥ በኬላ ላስቆመው ተገዥ ነበር። ኬንያውያን ይህን አልረሱም። እ.ኤ.አ. በ2010 ባጸደቁት ሕገ መንግሥት አንቀጽ 31 ሰውነትን፣ ቤትንና ንብረትን ከብርበራ ጠበቁ፤ በአንቀጽ 50 ንኡስ አንቀጽ 4 ደግሞ የመብት ድንጋጌን በመጣስ የተገኘ ማስረጃ የክርክሩን ፍትሐዊነት የሚያጓድል ወይም የፍትሕ አስተዳደርን የሚጎዳ ከሆነ እንዲወገድ ደነገጉ። ታንዛኒያም እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣችው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ በብርበራ ለተያዘ ዕቃ ደረሰኝ እንዲሰጥ፣ ባለቤቱና ታዛቢዎች እንዲፈርሙበት አዛለች፤ ሕጉን በመጣስ የተገኘ ማስረጃን ዳኛው እንዲያስቀር ሥልጣን ሰጥታለች።

ኢትዮጵያ በማንም ቅኝ ያልተገዛች አገር ናት። የኩሩማ ፍርድ አይገዛትም። ሕገ መንግሥቷም በአንቀጽ 19 ተከሳሽ ተገድዶ የሰጠው ቃል ተቀባይነት እንደሌለው በግልጽ ጽፏል። በሕገ ወጥ ብርበራ ስለተያዘ ዕቃ ግን ዝም ብሏል። ይህን ዝምታ ተከትሎ የባዕዳን ገዥዎችን መርሕ በፈቃድ መልሶ ማስገባት፣ የነጻነት ታሪክ ላለው አገር የሚገባ አይደለም። ሰውን ደብድቦ ማናገር የተከለከለው ቃሉ ሐሰት ሊሆን ስለሚችል ብቻ አይደለም፤ መንግሥት በወንጀል መንገድ ወንጀልን እንዳይከስስ ጭምር ነው። በሩን ያለ ሕግ ሰብሮ የገባ ሰውስ ከዚህ በምን ይለያል? የመኖሪያ ቤትን መድፈር በወንጀል ሕጉ የሚያስቀጣ ድርጊት ነው። አንድ ድርጊት በአንድ ሕግ ወንጀል፣ በሌላው ችሎት የማስረጃ ምንጭ ሊሆን አይገባውም።

የተቃራኒው ወገን ቃል

በዚህ አቋም ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ቀላልም አይደሉም።

የመጀመሪያው የአስቸኳይነት ክርክር ነው። ዕፅ ይቃጠላል፤ ይደፋል፤ ውኃ ይወስደዋል፤ ፖሊስ ትዕዛዝ ሲጠብቅ ማስረጃው ይጠፋል ይባላል። እውነት ነው። ሕጉም ይህን አስቀድሞ አስቦበታል። አንቀጽ 32 ወንጀለኛው እጅ ከፍንጅ ሲባረር ቤት ቢገባ ወይም ዕቃውን ቤት ቢጥል ያለ ትዕዛዝ መግባትን ይፈቅዳል። ከዚህም ሌላ ከሦስት ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ክስ ወይም አቤቱታ ቀርቦ፣ ማስረጃው በአንድ ቦታ መደበቁ በበቂ ምክንያት ተጠርጥሮ፣ ትዕዛዝ እስኪመጣም ዕቃው ይወሰዳል ተብሎ በሚገባ ሲታመን መግባት ይቻላል። የዕፅ ወንጀል ቅጣቱ ከባድ ስለሆነ የመጀመሪያው መስፈርት ሁልጊዜ የተሟላ ይመስላል። አደጋውም እዚህ ላይ ነው። የቀሩት መስፈርቶች ካልተጠየቁ ልዩ ሁኔታው ደንቡን ይውጠዋል። ለሳምንታት ሲከታተለው የቆየውን ቤት ያለ ትዕዛዝ የሰበረ መርማሪ «ጊዜ አጣሁ» ሊል አይችልም። አስቸኳይነት በቃል የሚነገር ሳይሆን በችሎት የሚረጋገጥ ነገር ነው፤ የማስረዳት ሸክሙም የገባው ሰው ነው።

ሁለተኛው የቅን ልቦና ክርክር ነው። ፖሊሱ ትዕዛዝ ይዞ ገብቷል፤ ስሕተቱ የዳኛው ነው፤ ለምን ማስረጃው ይወገዳል ይባላል። ይህ ክርክር በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድጋፍ አግኝቷል። ያ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1961 ሕገ ወጥ ብርበራ ያፈራውን ማስረጃ የክፍለ አገር ፍርድ ቤቶችም እንዳይቀበሉ ወስኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 ግን ከካሊፎርኒያ በመጣ የአደንዛዥ ዕፅ ጉዳይ ላይ፣ ትዕዛዙ በቂ ምክንያት ያልነበረው ቢሆንም ፖሊሶቹ በቅን ልቦና ስለተማመኑበት ማስረጃው ይያዝ አለ። ይህን የሚጠቅስ ሰው ግን እስከ መጨረሻው ማንበብ አለበት። ያው ፍርድ ዳኛውን በሐሰት ቃል ያሳሳተ ፖሊስ፣ ወይም የሚበረበረውን ቦታና የሚያዘውን ዕቃ ለይቶ የማይናገር ትዕዛዝ የያዘ ፖሊስ በቅን ልቦና ሊከላከል እንደማይችል ተናግሯል። ወረቀቱን አንብቦ ጉድለቱን ማየት የሚችል ሰው «አላወቅሁም» ማለት አይችልም። ቅን ልቦና ዓይን ጨፍኖ መግባት አይደለም።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚከብደው ነው። ዕፅ ወጣቱን እየፈጀ ነው፤ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያን የመሰለ የአህጉር መተላለፊያ ያላት አገር ለነጋዴዎቹ ምቹ መንገድ ሆናለች፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ ወንጀለኛ በወረቀት ጉድለት ይለቀቅ ወይ ይባላል። ልጁን በሱስ ያጣ ወላጅ ይህን ቢጠይቅ ማንም ሊቆጣው አይችልም። ለወላጁ ግን እውነቱ ሊነገረው ይገባል። በድንበርና በአውሮፕላን ማረፊያ የሚደረግ የጉምሩክ ፍተሻ የራሱ ሕግ ያለው ጉዳይ ነው፤ ክርክሩ ስለ መኖሪያ ቤት ነው። ማስረጃው ተወገደ ማለትም ተከሳሹ በነጻ ተሰናበተ ማለት አይደለም፤ ዐቃቤ ሕግ በሕጋዊ መንገድ ያገኘው ሌላ ማስረጃ ካለው ክሱ ይቀጥላል። ከሁሉ በላይ ግን፣ ወንጀለኛው ቢለቀቅ የለቀቀው ዳኛው ወይም ጠበቃው አይደለም። አንድ ገጽ የማይሞላ ሕግ መከተል ያቃተው መርማሪ ነው። ዳኛው ጉድለቱን በዝምታ ካለፈው መርማሪው ነገም ያንኑ ይደግማል፤ ነገ የሚሰበረው በር ደግሞ የወላጁ ሊሆን ይችላል።

በዚህ አካባቢ ሌላም መታሰብ ያለበት ነገር አለ። ዕፅ የሚባለው ነገር ራሱ ድንበር ሲሻገር ይለወጣል። ጫት በኢትዮጵያና በኬንያ በገበያ የሚሸጥ ሕጋዊ ሸቀጥ ነው፤ በታንዛኒያ ግን የተከለከለ ነው። ሕግ አውጪ ዛሬ የፈቀደውን ነገ ሊከለክል፣ የከለከለውን ሊፈቅድ ይችላል። የቤት ክብር ግን ከቅጠሉ ጋር አብሮ የሚወጣና የሚወርድ መሆን የለበትም። አማርኛ ቤትን ገመና ከታች ይለዋል። ድህነትም፣ በሽታም፣ የባልና የሚስት ጠብም እዚያ ይሸፈናል። ቤት ያለ አግባብ ሲበረበር የሚገለጠው ዕፅ ብቻ አይደለም፤ ምንም ያልተገኘበት ሰው ገመናም አብሮ ይወጣል። ያ ሰው ክስ ስላልተመሠረተበት ችሎት አይቀርብም፤ በደሉንም የሚሰማለት የለም። ስለዚህ ዳኛ በአንድ ጥፋተኛ ፊት የብርበራን ሥርዓት ሲያስከብር፣ ችሎት ለማይደርሱት ንጹሓን ሁሉ ጭምር እየፈረደ ነው።

ምን ይደረግ?

የሚፈለገው ተአምር አይደለም። ጠበቆች ትዕዛዙን፣ የቀረበበትን ማመልከቻ፣ ሰዓቱን፣ የዕቃውን ዝርዝርና የታዛቢውን ማንነት ከክርክሩ መጀመሪያ አንሥተው መጠየቅ አለባቸው፤ ጥያቄው በመጨረሻ ንግግር ላይ ጣል የሚደረግ ማጣፈጫ መሆን የለበትም። ዳኞች የብርበራ ትዕዛዝ ሲሰጡ የትኛው ክፍል፣ የትኛው ዕቃ፣ በየትኛው ሰዓት ብለው ይጻፉ፤ ማስረጃ ሲመዝኑም ትዕዛዙ የተጣሰበትን ኤግዚቢት በጥርጣሬ ዓይን ይመልከቱ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ፣ አንድ ግልጽ ውሳኔ ብዙ በሮችን ሊጠብቅ ይችላል። ሕግ አውጪውም ሕገ መንግሥቱ የተወውን ዝምታ በማያሻማ ቃል መሙላት ይገባዋል። ኬንያ እንዳደረገችው ሚዛኑን ለዳኛው መስጠትም አንድ መንገድ ነው፤ ሚዛን ከነጭራሹ ከመታጣቱ ይሻላልና።

በዚህ ምድር የቆየ አንድ አባባል አለ። ሰው በጉልበተኛ እጅ ሲወድቅ «በሕግ አምላክ!» ይላል፤ ያን የሰማ ሰው፣ የታጠቀ ቢሆን እንኳ፣ እጁን ይሰበስብ ነበር። ቃሉ ጋሻም ጦርም አልነበረውም፤ የሚያቆመው ከሕግ በላይ የሆነ ሰው የለም የሚለው እምነት ነበር። የብርበራ ትዕዛዝ የዚያ ቃል ዘመናዊ ወረቀት ነው። ተከሳሹ በችሎት ቆሞ «ትዕዛዙ ይታይልኝ» ሲል የሚናገረው ያንኑ ነው። የማይሰማው ከሆነ፣ መድኃኒት የጠጣው ልጅ ገና በመንደሩ እየዞረ ነው፤ በማን ደጃፍ እንደሚወድቅም የሚያውቅ የለም።